«ለሁሉም ክፍት» የተባለው ፈንድ ለምን ለጥቂቶች ብቻ ደረሰ?

ጥያቄው አጠር ተደርጎ፦ «ለንደን የምንኖር የወሎ ተወላጆች ማኅበር ነን። ከአባላት ባዋጣነው ገንዘብ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በባቲ ለአነስተኛ ንግዶች የሚውል ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቁመናል። ስጦታ አይደለም፤ በዝቅተኛ ወለድ ተመልሶ ለሌላው ይሰጣል። አንድ አጋር ድርጅት ያከፋፍልልናል። የእኩልነትና የአካታችነት ፖሊሲያችንን እዚህ ከምናውቀው ድርጅት ወስደናል፤ ማስታወቂያችንም ‹ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ› ይላል። በሁለት ዙር ከ22 ተበዳሪዎች ሴቶች 4 ብቻ ናቸው። አካል ጉዳተኛ አንድም የለም። የአንዷን ሴት ገንዘብ ደግሞ ባሏ ለራሱ ሥራ አዋለው ተባልን። ግማሹ አባል ‹ግማሹ ለሴቶች ይመደብ› ይላል፤ ሌላው ‹ይሄ ራሱ አድልዎ ነው፣ ብቃት ይቅደም› ይላል። ቅጹን አያይዤዋለሁ።»

ክርክራችሁ የተጀመረው ከጫፉ ነው። ኮታ ይኑር አይኑር የሚለው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከሱ በፊት ያያያዙትን ቅጽ ማየት ይበቃል። ቅጹ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ይጠይቃል። ያ ከሌለ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ዋሶች፣ ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ ጋር። ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላው ንግድ ፈቃድ። አሥር ገጽ የቢዝነስ ፕላን፣ በአማርኛ። የትዳር ጓደኛ ፊርማ ወይም ያላገባ ማስረጃ። ይህን ሁሉ ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ በአካል መቅረብ። «ይበረታታሉ» የሚለው መስመር ከላይ ተጽፏል፤ ከሥሩ ያለው ዝርዝር ግን አትልፉ የሚል ነው።

አባላቱ «ሁሉንም እኩል ጠየቅን» ይላሉ። እኩል መጠየቅና እኩል ዕድል መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካርታው በማን ስም ነው? አብዛኛውን ጊዜ በባል ወይም በአባት። ደመወዝተኛ ዋስስ? ለመንግሥት ሠራተኛ ወንድም ወይም ጓደኛ ላለው ሰው ቀላል ነው። መንገድ ዳር በርበሬ የምትሸጥ ሴት ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ የሚፈርምላት ሰው ከየት ታመጣለች? ቢዝነስ ፕላኑ ደግሞ ከሁሉም ይገርማል። ኮምፒዩተር ቤት ገብቶ የከፈለ ሰው የሌላውን ፕላን ስም ቀይሮ ይዞ ይወጣል። ኮሚቴያችሁ ነጥብ የሰጠው ለዚያ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ «ብቃት ይቅደም» የሚሉት አባላት እስካሁንም ብቃት እየለኩ እንዳልነበር ይወቁት። ቅጹ የለካው ሀብትና ዘመድ ነው።

ይህ የእናንተ ብቻ ችግር አይደለም። ያላችሁበት አገር ራሱ አልተወጣውም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሎርድ ቪክተር አዴቦዋሌ የመሩት የእንግሊዝ የማኅበራዊ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን በጥቁሮች ለሚመሩ ማኅበራዊ ድርጅቶች 50 ሚሊዮን ፓውንድ የተለየ ፈንድ እንዲቋቋም የመከረው፣ «ለሁሉም ክፍት» የተባለው ገንዘብ እነሱ ጋ በሚገባ ስላልደረሰ ነው። ኢትዮጵያም ውስጥ የተሞከረ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረውና በልማት ባንክ በኩል የተሠራው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት ዒላማ ያደረገው መሐል ላይ የቀሩትን ነው፦ የቡድን ብድር የሚያንሳቸው፣ ባንክ ደግሞ የማያስገባቸው ሴት ነጋዴዎች። ፕሮጀክቱ «ሴቶች ይበረታታሉ» ብሎ አልቆመም። አበዳሪ ተቋማቱ መያዣን በሌላ ዓይን እንዲያዩ አድርጓል። ተሽከርካሪን፣ የግል ዋስትናን፣ የሱቅ ዕቃን ሳይቀር የተቀበሉ አሉ። መያዣ ለሌላት ደግሞ የተበዳሪዋን ጠባይና የመክፈል ዝንባሌ የሚመዝን ፈተና ተሞክሯል።

ዛሬ ሕጉም ከበፊቱ ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ማለትም የስፌት መኪና፣ የእንጀራ ምጣድ፣ የዳቦ ማቡኪያ፣ ከብት፣ ሱቅ ውስጥ ያለ ሸቀጥ፣ በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ተመዝግቦ መያዣ መሆን ይችላል። ቤት የሌለው ሰው መያዣ የለውም የሚለው አባባል ከእንግዲህ በሕግ አይደገፍም። ሌላም መንገድ አለ። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ ሰዎች ያስቀመጡት ገንዘብ መያዣ ለሌላቸው ሴቶች ብድር ማስያዣ እንዲሆን የሚያደርግ አሠራር አለው። እናንተ ለንደን ቁጭ ብላችሁ ልትሠሩት ከምትችሉት ነገር ሁሉ ይህ በጣም የሚቀርባችሁ ይመስለኛል። በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፊርማው። የተሻሻለው የፌደራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ለማበደርም የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ዝርዝሩን እዚያው ያለ ጠበቃ ያረጋግጥላችሁ። ሕጉ ለባልም ለሚስትም አንድ ነው። ሕጉ ራሱ አያስከፋም፤ ቤቱ የማያውቀው ዕዳ ማንንም አይጠቅምም። ጣጣው ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ወንድ ሲበደር ሚስት መጥታ ትፈርማለች፣ በቃ። ሴት ስትበደር ባል ይለመናል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባል ሳውዲ ነው። ውክልና ለመላክ ኢትዮጵያ ቆንስላ ሄዶ መፈረም አለበት፤ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ጂዳ መሐል ለመንቀሳቀስ ይፈራል። ሚስትየዋ ያላገባ ማስረጃም ማውጣት አትችልም፤ አግብታለችና። አጋራችሁ እንዲህ ያሉትን ሴቶች «ሰነድ ያላሟላች» ብሎ መዝግቧቸው ይሆናል። ከሰነድ ጉድለት የወደቁትን ማመልከቻዎች አውጥታችሁ ብታዩ የምነግራችሁን ታገኙታላችሁ። መፍትሔው አነስ ባለ መጠን መጀመርና ዋስትናውን በጋራ ሀብት ላይ ሳይሆን በሚገዛው ዕቃ ላይ ብቻ መወሰን ነው። ፊርማን ዝም ብሎ መዝለል ግን አይቻልም። ነገ ባል መጥቶ ውሉ ይፍረስልኝ ቢል ልትሸነፉ ትችላላችሁ።

ባሏ ገንዘቡን ወሰደው ስለተባለችው ሴት ደግሞ ቶሎ አትፍረዱ። «ሴቶች ያልቻሉበት ምሳሌ» ተደርጋ ስብሰባ ላይ እንደምትነሳ እገምታለሁ። በሕንድ፣ በስሪላንካና በጋና የተሰበሰበ መረጃን ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሴቶች በተሰጣቸው ገንዘብ ትርፋቸው የማያድገው ገንዘቡ የባል ሥራ ውስጥ ስለሚገባ ነው። በቤቱ ውስጥ ሌላ ነጋዴ በሌለበት የሴቷ ትርፍ ከወንዶቹ አያንስም። ስለዚህ የሚለወጠው ገንዘቡ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ በተደረገ ጥናት ብድራቸው በጥሬው ከመሰጠት ይልቅ በራሳቸው ስም በተከፈተ የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ የገባላቸው ሴቶች ከስምንት ወር በኋላ ትርፋቸው 15 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ሌላ ነገር አልተጨመረላቸውም። እኛ አገር ቴሌብር ስላለ ይህን ማድረግ ይቻላል። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይጣራ፦ ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? በባል ስም ከሆነ ሒሳቡም የሱ ነው። ሲም በስሟ ማውጫው ወጪ ከብድሩ ጋር ቢታሰብ ምንም አይደለም።

ከዚህ የሚሻል መንገድም አለ፤ ሌላ ችግርም አብሮ ይፈታል። ፈንዳችሁ «ዝቅተኛ ወለድ» ይላል። የምታበድሩት ወሎ ነው። ወለድ በሃይማኖቱ ሐራም የሆነበት ሰው ዝቅተኛም ከፍተኛም ያው ነው፤ ቅጹን አይወስድም። ይህን የሚያክል ሕዝብ በር ላይ ትታችሁ «ማን ቀረብን» ብላችሁ መጠየቃችሁ ገርሞኛል። ጥያቄዎ ውስጥም አልተነሳም። ሙራባሃ የሚባለው አሠራር ቀላል ነው። አበዳሪው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ለተበዳሪው በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ዕቃው ከመሸጡ በፊት በእውነት የአበዳሪው ንብረት መሆን አለበት። ወለዱን «ትርፍ» ብሎ መጥራት ብቻ አይበቃም፤ ሰዉ ይህን ይለያል። ዘምዘም ባንክ በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉ። ሌሎቹም መስኮት ከፍተዋል። የውል ቅርጹን ከዜሮ መፍጠር አይጠበቅባችሁም።

ሁለቱን ነገሮች ያገናኟቸው። የስፌት መኪናው በዓይነት ከተገዛ በጥሬው ወደ ባል ኪስ አይገባም። ወለድ የማይፈልገውም ሰው ይስተናገዳል። መኪናው ራሱ በመዝገቡ ተመዝግቦ መያዣ ይሆናል፤ ካርታ አያስፈልግም። ጋና ውስጥም ለሴቶች በጥሬ ገንዘብ የተሰጠው ድጋፍ ሳያፈራ በዓይነት የተሰጠው ትርፍ ያሳየበት ሙከራ አለ፤ ሥራቸው ከመጀመሪያው ሻል ላለ ሴቶች ማለት ነው፣ በጣም ትንሽ ለሆኑት አልሠራም። እህል ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ነው የምትፈልገው። እሷን በግድ ማሽን አታስገዟት። የሥራ ማስኬጃ ለሚፈልጉ ሌላ መስኮት ይኑር።

አካል ጉዳተኛ አንድም የለም ብለዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው የሕግ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 ማየት የተሳነው ሰው ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማው ወይም የጣት አሻራው፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ሐሳቡ እንዳይታለሉ መጠበቅ ነበር። ውጤቱ ግን የብድር ኦፊሰሩ «ይሄ ሰው ነገ አልፈረምኩም ቢለኝስ» ብሎ ሽሽት ነው። ዘዴው አጭር ነው። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይፈረም፤ የትራንስፖርቱንና የአገልግሎቱን ክፍያ ፈንዱ ይሸፍን፤ ውሉ ጮክ ተብሎ ይነበብ። መስማት ለተሳነው ሰው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በሰዓት ይቀጠር። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ቢሮ ምድር ቤት ያለ አንድ ጠረጴዛ አጥቶ ነው? ማመልከቻ ለመቀበል የሰፈር ሻይ ቤት በረንዳም ይበቃል። ለእነዚህ ወጪዎች ከመጀመሪያው በጀት ካልተያዘ ሲመጡ «ገንዘብ የለም» ይባላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ያዙ።

ቆጠራውንም አስተካክሉ። «አካል ጉዳተኛ ነዎት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ብዙ ሰው አይደለሁም ይላል። አንድም ያፍራል፣ አንድም ራሱን እንደዚያ አያይም። በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን ያዘጋጃቸው ስድስት ጥያቄዎች አሉ። ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ፣ ለማስታወስ፣ ራስን ለመንከባከብና ለመግባባት ችግር እንዳለ ብቻ ይጠይቃሉ። መልሱም ከ«ምንም» እስከ «ጭራሽ አልችልም» አራት ደረጃ አለው። ምናልባት ከ22ቱ ውስጥ እያነከሰ የሚሠራ ሰው አሁንም አለ፤ እናንተ አላወቃችሁትም።

ስለ ቅጂው ግን በጣም ተጠንቀቁ። ከእንግሊዝ የወሰዳችሁት የክትትል ቅጽ በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው የእንግሊዝ የእኩልነት ሕግ በተዘረዘሩት ዘጠኝ መለያዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ዘር፣ ሃይማኖት፣ ጾታዊ ዝንባሌ ሁሉ ይጠይቃል። ለንደን ውስጥ ይህ ተራ ነገር ነው። እኛ አገር ብሔርህን ጻፍ የተባለ ሰው ቅጹን ያጥፋል፤ ባያጥፈውም ለምን እንደተጠየቀ በራሱ ይተረጉማል። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በኢትዮጵያ ወንጀል ስለሆነ ያንን ጥያቄ በወረቀት መላክ ሰውን አደጋ ላይ መጣል ነው። ዛሬውኑ አውጡት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም እንዲህ ያለውን መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ይመድበዋል። በምትኩ የሚጠቅማችሁን ጠይቁ። «በየትኛው ቋንቋ ብናነጋግርዎ ይመርጣሉ?» «በወለድ ወይስ ያለወለድ?» «ቀበሌዎ የትኛው ነው?» በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ማን እንደቀረ ታውቃላችሁ፣ ማንንም ሳታስደነግጡ።

ቋንቋውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባቲ ያለችው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው፤ ገበያዋ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ይሰማል። ማስታወቂያችሁ የወጣው በአማርኛ ብቻ፣ ያውም ፌስቡክ ላይ ነው። ሥልጠናውም ሰኞ ጠዋት ነበር ይላል ቅጹ። ሰኞ እኮ የባቲ ገበያ ቀን ነው! ነጋዴን በገበያ ቀን ሥልጠና ጠርቶ «አልመጡም» ማለት ምን ይሉታል? በገበያ ቀን መሄድ ያለበት የእናንተ ሰው ነው፤ ገበያው ውስጥ ቆሞ እንዲያስረዳ። ስለ ሥልጠናውም አንድ ነገር ልበል። ሎሜ፣ ቶጎ ውስጥ ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ የተለመደውን የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና ራስን ማነሳሳትንና ቀድሞ መንቀሳቀስን ከሚያስተምር ሥልጠና ጋር አወዳድሮ ነበር። ሁለተኛው የትርፍ ዕድገቱን ወደ 30 በመቶ አድርሶታል፤ የመጀመሪያው ያን ያህል አልነበረም። ሥልጠና ለመስጠት ካሰባችሁ የቱን እንደምትሰጡ ምረጡ። ብድር ለማግኘት የግድ የሚወሰድ ግን አይሁን፤ ልጅ ለምትጠብቅ ሴት እሱም አንድ ተጨማሪ አጥር ነው።

መያዣና ፕላን ሲቀር በምን ይመዘን? ሄዶ በማየት። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሱቁ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ከአሥር ገጽ የበለጠ ያውቃል። የእቁቡን ዳኛ ጠይቁ፤ ዕጣዋን ወስዳ መክፈሏን የማያቋርጥ ሴት ከማንኛውም ባንክ የተሻለ ማስረጃ አላት። ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ግን የሚያውቀው እቁብ የለም፤ ለሱ በሌላ መንገድ አስቡ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙ ጊዜ ሸቀጣቸው የተዘረፈባቸውን ነጋዴዎችም አትርሱ። ቅጻችሁ «ውዝፍ ዕዳ የሌለበት» ይላል። ውዝፉ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ መጣል ሁለተኛ ዝርፊያ ነው።

ኮሚቴያችሁን በተመለከተ ምንም አልነገሩኝም። እኔ ግን ልገምት፦ ሰባት ወንድና አንዲት ሴት ጸሐፊ። ከሆነ ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ መያዟን ትታ ድምፅ ትስጥ። ከሁሉም በላይ ግን ሀገር ቤት የሚመርጠው ቡድን ውስጥ ብድር ወስደው የከፈሉ ሴቶችና ከአካባቢው የአካል ጉዳተኞች ማኅበር አንድ ሰው ይግቡ፤ ለጊዜያቸውም ይከፈላቸው። ለንደን ያለው ኮሚቴ የገንዘቡን መጠንና ደንቡን ይወስን፤ ማን ያግኝ የሚለውን አይንካ።

አሁን ኮታው። «ይህ አድልዎ ነው» የሚለው ክርክር በሕግ ደካማ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ሴቶች የወረሱት የበታችነት ታሪክ እንዲስተካከል ልዩ ድጋፍ የማግኘት መብት ይሰጣቸዋል። በእንግሊዝም ለአካል ጉዳተኛ የተለየ ድጋፍ መስጠት በሌላው ላይ አድልዎ ተደርጎ አይቆጠርም፤ በጎ አድራጎት ድርጅት የተጎዳን ወገን ለይቶ የሚረዳበት በርም፣ ከነገደቡ፣ በሕጉ አለ። ስለዚህ ኮታ ይቻላል። ግን ቅጹን ሳትነኩ ኮታ ብታስቀምጡ ምን ይሆናል? ካርታ ያላቸው ባሎች ሚስቶቻቸውን በስም ያስቀርባሉ። ቁጥሩ ያምራል። ዕዳው በሷ ስም፣ ገንዘቡ በሱ እጅ ይሆናል። ይህ ኮታ ከሌለበት የከፋ ነው። ኮታ የምታስቀምጡ ከሆነ በሰው ቁጥር ሳይሆን በገንዘብ ይሁን። ከአሥር ተበዳሪ አምስቱ ሴቶች ሆነው ሴቶቹ ሠላሳ ሠላሳ ሺህ፣ ወንዶቹ መቶ ሃምሳ ሺህ ቢወስዱ እኩልነት አይባልም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። አጋር ድርጅታችሁ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሳይኖረው ራሱ እያበደረ ከሆነ አቁሙት። ከ1988 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 40 ጀምሮ በጎ አድራጎት ድርጅቶች እንደልብ ብድር የሚሰጡበት ጊዜ አብቅቷል፤ አሁን ያለውም አዋጅ (626/2001) ሥራውን ለፈቃድ ባለቤቶች ነው የተወው። ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ ያለ ውል ሲፈርስ ቀድማ የምትጎዳው ደካማዋ ተበዳሪ ናት። የምንዛሬውንም ነገር አስቡበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት ወደ ብር የተቀየረ ፓውንድ ዛሬ ሲመለስ ከግማሽ በታች ነው። ይህን ኪሳራ ፈንዱ ይቻለው። ብድሩን በፓውንድ ተምኖ ለሻይ ነጋዴ መስጠት ጭካኔ ነው።

የምመክረው ይህንን ነው። ሦስተኛውን ዙር አሁን አትክፈቱ። ገንዘቡን ፈቃድ ባለው የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ወይም ባንክ ዝግ ሒሳብ አስገቡና እንደ እናት ባንክ አሠራር መያዣ ይሁን፤ ብድሩን ተቋሙ ከራሱ ገንዘብ ይስጥ። ኪሳራ ሲመጣ ግማሹን እናንተ ግማሹን ተቋሙ ይሸከም። ሙሉውን እናንተ ከሸፈናችሁ ኦፊሰሩ ማንን እንደሚያበድር ግድ አይሰጠውም። ተበዳሪዎችም ከጀርባ የለንደን ገንዘብ እንዳለ ባያውቁ ይሻላል፤ «የዲያስፖራ ገንዘብ ነው» የተባለ ብድር አይመለስም። ተቋሙ በምላሹ ካርታና ደመወዝተኛ ዋስ መጠየቁን ይተው፣ የዕቃ ግዢ መስኮት ይክፈት፣ ያለወለድ አማራጩን ያዘጋጅ። የመጀመሪያ ክፍያ ከሁለት ወር በኋላ ይጀምር። ኮልካታ ውስጥ ሁለት ወር እፎይታ የተሰጣቸው ተበዳሪዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ትርፋቸው ከሌሎቹ በእጅጉ ጨምሮ ታይቷል፤ ያልከፈሉትም ቁጥር ግን ጨምሯል። ይህን አውቃችሁ ግቡ። አካታች ፈንድ ከበፊቱ የበለጠ ወጪና ትንሽ የበለጠ ውዝፍ ይኖረዋል። ለአባላት አስቀድማችሁ ካልነገራችሁ በመጀመሪያው ውዝፍ «ብለን ነበር» ይባላል።

ብድር የማይገባቸውም ሰዎች አሉ። ገቢ የሌላት፣ የምትሸጠው የሌላት፣ ልጆቿ የሚበሉት ያጡ ሴት ስጦታ እንጂ ዕዳ አያስፈልጋትም። ኮታ ለመሙላት እሷን ማበደር ይቅር። ለሷ የሚሆን ትንሽ የስጦታ ሒሳብ ለይታችሁ ያዙ፤ ከብድሩ ጋር አይደባለቅ። በእንግሊዝ የተመዘገባችሁ በጎ አድራጎት ከሆናችሁ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ማኅበራዊ ኢንቨስትመንት የማድረግ ሥልጣን ሰጥቷችኋል፤ ግን ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት አገር ቤት አንድ፣ ለንደን አንድ ጠበቃ ይየው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳውን በዚህ ተራ ያስይዙ፦ መጀመሪያ መያዣው፣ ቀጥሎ የወለዱ አማራጭ፣ ቀጥሎ የሚመርጠው ቡድን ማን እንደሆነ። በእያንዳንዱ ላይ ድምፅ ይሰጥ። ኮታው አራተኛ ይምጣ፤ ሦስቱ ከጸደቁ ከገንዘቡ ግማሹን ለሴቶች፣ የተወሰነውን ለአካል ጉዳተኞች መድቡ፣ በሁለት ዙር እዩት። ሦስቱ ካልጸደቁ ኮታውን ራሳችሁ ተቃወሙት።